ጃኬቱን አውልቀው፣ ወንድሜ

ከአንድ አንባቢ የደረሰኝ ደብዳቤ ረዘም ያለ ነው። ማንነቱን የሚያሳውቀውን አውጥቼ፣ ዋናውን አሳጥሬ ላስነብባችሁ።

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ። ዕድሜዬ 31 ነው፤ መምህር ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። ባለፈው ኅዳር አንጀትህ ተቋጥሯል ተብዬ በአስቸኳይ ኦፕራሲዮን ሆንኩ። ከትልቁ አንጀቴ የተበላሸው ተቆርጦ ወጣ፤ ጫፉ በሆዴ በግራ በኩል ወጥቶ ሰገራዬን የሚቀበል፣ ሆድ ላይ የሚለጠፍ ባግ ተደረገልኝ። በኋላ ይዘጋል ተብያለሁ፤ ቀጠሮ እየጠበቅኩ ነው። ደብረ ብርሃን እያለሁ ብዙም አልተቸገርኩም። ጃኬት ለብሼ፣ ከላይ ጋቢ ደርቤ ማን ያየኛል? ከመጋቢት ጀምሮ ግን ሸዋ ሮቢት ተዛውሬ እየሠራሁ ነው። ሙቀቱ ሊገድለኝ ነው። ባጉ በላብ እየለቀቀ ሁለት ቀን አይሞላልኝም። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ እያለሁ ጠርዙ ለቀቀ፤ አመመኝ ብዬ ወጣሁ። ሰው እንዳያይብኝ ጃኬቴን አላወልቅም። ባጉ ቶሎ እንዳይሞላ ብዬ ውሃ መጠጣትም ቀንሻለሁ። ከእህቴ በቀር የሚያውቅ የለም። በቅርቡ ፈተና እንፈትናለን፤ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ሆዴ ቢጮህስ? ደግሞ በግንቦት አጋማሽ ጓደኛዬ ደብረ ብርሃን ላይ ያገባል። ሚዜ ሁነኝ ብሎኛል፤ እስካሁን እሺም እምቢም አላልኩትም። ምን ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን ተረፍክ። አንጀት ሲቋጠር የሚወስነው ሰዓት ነው፤ አንተ በሰዓቱ ደርሰሃል። ሆድህ ላይ ያለችው ቀይ ሥጋ፣ ሐኪሞች ስቶማ የሚሏት፣ የተረፍክባት ናት። እንደ ነውር አትያት።

አሁን ወደ ጃኬቱ እንምጣ።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቴም ዓይኔ ያረፈው ጃኬቱ ላይ ነው። ጃኬቱ ላብ ያመጣል። ላቡ ማጣበቂያውን ያላቅቃል። ማጣበቂያው ሲለቅ ያፈሳል፣ ይሸታል። ሲያፈስ ደግሞ ሰው እንዳያይ ብለህ ጃኬቱን ይበልጥ ታጠብቃለህ። እንዲሸፍንህ የለበስከው ልብስ እያጋለጠህ ነው። ደግሞስ በግንቦት ሸዋ ሮቢት ላይ ጃኬት የሚለብስ ማን አለ? ሰዉ በካናቴራ እየዋለ አንተ ጃኬትህን እስከ አንገትህ ዘግተህ ስትገባ፣ ተማሪውም መምህሩም የሚያየው ጃኬቱን ነው።

ይህን ደፍሬ የምነግርህ እኔም አንድ ጊዜ ስላጠፋሁ ነው። በቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የሠራሁበት ከተማ ብርዳም ነው። አንድ ጊዜ ከኤፍራታ ቆላ የመጡ አንድ ገበሬ ተኝተው ነበር። እንዳንተው ከረጢት ተደርጎላቸዋል። ሊወጡ ሲሉ እንዴት እንደሚለጠፍ፣ እንዴት እንደሚደፋ አሳየኋቸው። «አባቴ፣ ሰው እንዳያይብዎት ጋቢዎን ደረብ ያድርጉበት» አልኳቸው። ስለ ላብ ትንፍሽ አላልኩም። ያን ጠዋት መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል፤ እኔ ራሴ ከጋውኔ ሥር ሹራብ ለብሻለሁ። ላብ የሚባል ነገር በሐሳቤም አልመጣ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡ። ማሾ ማሳ ላይ ሲያርሙ ሲውሉ ጋቢያቸውን ከወገባቸው አልፈቱም። በስቶማው ዙሪያ ያለው ቆዳ ተልጦ ሥጋው ይታያል። ውሃ ሲነካው ጥርሳቸውን ነክሰው ጣሪያ ጣሪያ ያያሉ። «ልጄ፣ ያልሽኝን ነው ያደረግኩት» አሉኝ። ይህች ቃላቸው ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣችም። የሰጠኋቸው የደጋ ምክር ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ቆለኛ ናቸው።

አንተም ይዘህ የወረድከው የደጋ ምክር ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 እንኳ አይሞላም። ጣርማ በርን ተሻግረህ፣ በደብረ ሲና አድርገህ ስትወርድ መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ አገሩ ግን ሌላ አገር ነው። ደብረ ብርሃን ላይ አራት ቀን ይይዝልህ የነበረ ከረጢት ሮቢት ላይ ሁለት ቀን ቢይዝ ጥፋቱ ያንተ አይደለም። ስለዚህ እስኪለቅ አትጠብቀው። በየሁለት ቀኑ፣ ደህና ይዞም ቢሆን፣ ቀድመኸው ቀይረው። ወጪው እንደሚከብድ አውቃለሁ። ክፍል ውስጥ ከሚለቅ ግን ይሻላል።

መቼና እንዴት እንደምትቀይረው ነው ትልቁ ነገር። ታገሠኝ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ቁርስ ሳትቀምስ ቀይር። አየሩ ገና አልጋለም። ሆድህም ባዶ ስለሆነ ስቶማው ጸጥ ይላል። አሮጌውን አትመንጭቀው። በአንድ እጅህ ቆዳህን ወደ ታች ያዝ እያደረግክ፣ በሌላው ከላይ ጀምረህ ቀስ እያልክ አላቅቀው። ዙሪያውን ለብ ባለ ውሃ በለስላሳ ጨርቅ እጠበው፤ ውሃ ብቻውን ይበቃል። ሳሙና ካልተጠቀምኩ አይጸዳልኝም ካልክ፣ ሽቶና ቅባት የሌለው ይሁን፤ ደህና አድርገህም አለቅልቀው። ስቶማው ሲነካ ትንሽ ደም ቢያሳይ አትደንግጥ። በላዩ ብዙ ቀጫጭን የደም ሥር አለ። ቫዝሊን፣ ሎሽን፣ ቅቤ፣ ዱቄት፣ ምንም አታስነካው። ቅባት ባለበት ቆዳ ላይ ማጣበቂያ አይይዝም።

ከዚያ በፎጣ ጠብ ጠብ አድርገህ አድርቀው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፎጣው ውሃውን አነሳ፤ ላቡ ግን ከሥር ገና እየመጣ ነው። ስለዚህ አትቸኩል። ፋን ካለህ ፊቱ ተቀመጥ። ከሌለህ በካርቶን ቁራጭ አራግበው። አምስት ደቂቃ፣ አስር ደቂቃ። በእጅህ ጀርባ ዳሰስ አድርገው። ቀዝቀዝ ብሎ እንደ ወረቀት ደረቅ ሲልህ ያን ጊዜ ለጥፍ። መዳፍህን ከላዩ አሳርፈህ ሁለት ደቂቃ ያህል ያዘው፤ ማጣበቂያው በሰውነት ሙቀት ነው የሚይዘው። ለጥፈህ ወዲያው ባጃጅ ለመያዝ አትሩጥ። ቁርስህን ተቀምጠህ ብላ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅህ። ቀዳዳውን የምትቆርጠው በኅዳር በለኩልህ ልክ ነው? ከሆነ ሰፍቶሃል። ስቶማ ከኦፕራሲዮን በኋላ ባሉት ስድስትና ስምንት ሳምንታት ያንሳል። ዛሬውኑ ደግመህ ለካው። ቀዳዳው ከስቶማው ዙሪያውን 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይስፋ። ከዚያ ከበለጠ ሰገራው ቆዳውን ያገኘዋል፤ ቆዳው ይቆስላል፤ የቆሰለ ቆዳ ይረጥባል፤ እርጥብ ቆዳ ላይ ደግሞ ምንም አይለጠፍም። በሙቀት የተሳበበ ስንት መፍሰስ አይቻለሁ፣ ምክንያቱ ሰፊ ቀዳዳ የሆነ። ዙሪያው ላይ ጸጉር ካለህም አሳጥረው።

ቀጥሎ የምነግርህን ያስተማሩኝ የእኚያ ገበሬ ባለቤት ናቸው። ሁለተኛ የመጡ ጊዜ አብረው ነበሩ። ከረጢቱን አገላብጠው አዩትና «ይኼ ፌስታል እኮ ነው፣ ከገላው ጋር ተጣብቆ ነው የሚያቃጥለው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ፕላስቲክ ከቆዳ ጋር ሲውል ከሥሩ ላብ ይታቆራል፤ ሽፍታ ያወጣል፤ ሲንቀሳቀሱም ይንኮሻኮሻል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሲመጡ ሰፍተው ይዘው መጡ። ያረጀ፣ በአጠባ ብዛት የለሰለሰ ነጠላ ነው። ሁለት እጥፍ አድርገው፣ ከረጢቱን ከላዩ አስተኝተው፣ ዙሪያውን በከሰል አስምረዋል። ከመስመሩ አንድ ጣት አስፍተው ቆርጠዋል። ወደ ሆድ በሚዞረው በኩል ማጣበቂያው የሚወጣበት ክብ ቀዳዳ አለ፤ ጠርዙን በጥቃቅን ስፌት ቆልፈውታል። ጎንና ጎኑ ተሰፍቷል። ከሥር ክፍት ነው፣ ሲደፉ እንዲመች። የተዘጋጀ ሽፋን በገንዘብ እንደሚሸጥ ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። የእሳቸው አይብስም። እህትህ ሚስጥሩን ታውቃለች ብለሃል፤ ሦስት ትስፋልህ። አንዱን ትለብሳለህ፣ አንዱ ይታጠባል፣ አንዱ ይደርቃል።

ልብሱ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። ከውስጥ ረዘም ያለ የጥጥ ካናቴራ ልበስና ሱሪህ ውስጥ ክተተው። ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ክንድህ ይነሳል፣ ሸሚዝህም አብሮ ይነሳል፤ ካናቴራው ግን ባለበት ይቀራል። ከላይ ሰፋ ያለ፣ መስመር ወይም አበባ ያለበት ሸሚዝ፣ ወደ ውጭ ተለቅቆ። ነጠላ ቀለም ያለው ሸሚዝ እብጠትን ያሳያል፤ ዥንጉርጉሩ ይውጠዋል። ቀበቶህ በስቶማው ላይ እንዳያልፍ ተጠንቀቅ። የሚጫነው ከሆነ ቀበቶውን ተወውና ማንገቻ ያለው ሱሪ አሰፋ። ይህን ለምታነቡ እህቶችም፦ መቀነታችሁን ከስቶማው ከፍ ወይም ዝቅ አድርጉት፣ ላላም ይበል። መቀነት ጠበቅ ሲል ሰገራው ወደ ከረጢቱ መውረዱን ትቶ በማጣበቂያው ሥር ይሄዳል።

ስለ ሽታው አትጨነቅ ብልህ እንደማትሰማኝ አውቃለሁ። ግን ስማኝ። ደህና ተለጥፎ የተዘጋ ከረጢት ሽታ አያወጣም፤ የተሠራው ለዚያ ነው። የሚሸተው ስትደፋው፣ ወይም ጠርዙ ሲለቅ ነው። ተዘግቶ እያለ ከሸተተህ ለቋል ማለት ነው፣ ሂድና ቀይረው። አየር ይውጣለት ብለህ በመርፌ አትብሳው። አንዳንዱ ለሽታ ብሎ አስፕሪን ይከትበታል፤ ስቶማውን ያቆስላል፣ ያደማልም፤ እንዳታደርገው። ደግሞ አንድ ሦስተኛው ሲሞላ ድፋው። ግማሽ አይለፍ። የሞላ ከረጢት ይከብዳል፣ ማጣበቂያውን ወደ ታች ይጎትታል፣ ከልብስ ሥርም ጉብ ብሎ ይታያል። ትምህርት ቤት እረፍት በተደወለ ቁጥር፣ ባይሞላም፣ ሽንት ቤት ገብተህ እየው። መምህር ሁሉ በእረፍት ሽንት ቤት ይሄዳል። ማን ልብ ይልሃል?

የደብተር ቦርሳህ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቦርሳ አትለይ። ቀዳዳው አስቀድሞ የተቆረጠ አንድ ከረጢት፣ ሶፍት፣ ቁራጭ ጨርቅ፣ ሁለት ጥቁር ፌስታል፣ አንድ ቅያሪ ካናቴራ። ውሃ በሃይላንድ። ስትደፋ መጀመሪያ ሶፍት ጣል አድርግበት፣ እንዳይረጭብህ። አፉን ከውስጥም ከውጭም ጥረገው፤ ሽታ የሚቀረው እዚያ ነው። የተቀየረውን ከረጢት በጥቁር ፌስታል ጠቅልለህ ከቆሻሻ ጋር አስወግደው፤ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ አትጣለው።

ውሃ መቀነስህን ሳነብ ግን ተቆጣሁ። ወንድሜ፣ ይህን ዛሬውኑ አቁም። ሆድህ ላይ የወጣልህ የትልቁ አንጀት ጫፍ ነው። የምትጠጣው ውሃ ወደ ከረጢቱ አይሄድም፤ ወደ ደምህ ገብቶ በላብና በሽንት ነው የሚወጣው። በሮቢት ፀሐይ ላይ ውሃ የነፈግከው አንጀት ሰገራውን ያደርቅብሃል፣ ድርቀቱም ቁርጠት ይሆንብሃል። በቀን ከ2 ሊትር አትቀንስ፤ ላብ ካበዛህ ጨምርበት። ሽንትህን እየው። ነጣ ያለ ቢጫ ከሆነ ደህና ነህ። እንደ ሻይ ከጠቆረ ሰውነትህ ውሃ እየለመነህ ነው።

የትንሹ አንጀታቸው ጫፍ በሆዳቸው ላይ ለወጣላቸው ደግሞ ነገሩ ይለያል፣ እዚህ ላይ ለእነሱም ልናገር። የእናንተ ከረጢት ቀኑን ሙሉ ውሃ ውሃ ያለ ነገር ነው የሚያወጣው፤ ጨውም አብሮ ይሄዳል። በሙቀት ላቡ ሲጨመርበት በአንድ ቀን ልትወድቁ ትችላላችሁ። ውሃ ብቻ በላይ በላዩ መጠጣት አያድናችሁም፤ እንዲያውም የሚወጣውን ያበዛዋል። ኦ አር ኤስ ቤታችሁ አይታጣ። አንዱ ፓኬት ለ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው። ካጣችሁ፣ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይቆለል፣ በጥብጣችሁ ቀስ በቀስ ተጎንጩ። ማዞር፣ የእግር ጡንቻ መኮማተር፣ የሽንት መጥፋት ካያችሁ፣ ወይም በቀን ከ1.5 ሊትር በላይ እየወጣ ካስቸገራችሁ፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ደግሞ የደብረ ሲና ቆሎ! መኪና ሲቆም በመስኮት ይመጣል፤ ሽታው ልብ ይሰርቃል። ለእናንተ ግን ቆሎ፣ ፈንዲሻና በቆሎ እሸት የመውጫውን በር ይደፍኑታል። ቁርጠት ይዟችሁ፣ ለሰዓታት ምንም ሳይወጣ ቀርቶ ማስመለስ ከጀመራችሁ ነገ አትበሉ፤ ያኔውኑ ሆስፒታል።

ወደ አንተ ልመለስ፤ ፈተናው። ጸጥታውን መፍራትህ ገባኝ። ለዚህ መድኃኒቱ ከዋዜማው ይጀምራል፤ ማታ የበላኸው ነው ጠዋት የሚጮኸው። በዋዜማው ባቄላ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ጥሬ ሽንኩርት ይቅር። ጠላም፣ ለስላሳም፣ አምቦ ውሃም ይቅር፤ ጋዝ ናቸው። እንቁላልና ነጭ ሽንኩርት ሽታ ያበዛሉ። አሁን በዓለ ኀምሳ ነው፣ ጾም የለብህም፤ እርጎ ጠጣ፣ ብዙ ሰው ሽታውን ይቀንስልኛል ይላል። ጠዋት ግን ባዶ ሆድህን አትሂድ። ባዶ አንጀት ከጠገበ አንጀት በላይ ይጮኻል። ትንሽ ቅመስ፣ ቀስ ብለህ አላምጥ። ማስቲካ አታኝክ፣ አየር ያስውጥሃል። ክፍል ውስጥ ሲመጣብህ ይሰማሃል፤ እጅህን እንደሚያጣጥፍ ሰው ክንድህን ስቶማው ላይ አሳርፈህ ለስለስ አድርገህ ጫነው። ድምፁ ይታፈናል። ደግሞ ፈታኝ ነህ፤ መመላለስ ሥራህ ነው። ቢያመልጥህም የማን ሆድ እንደጮኸ ማን ይለያል? በፈተና ቀን የሃምሳ ተማሪ ሆድ ይጮኻል።

ትርፍ ከረጢቶችህን የት ነው የምታስቀምጣቸው? ቤትህ ቆርቆሮ ከሆነ ቁም ሳጥን ላይ አታውጣቸው፤ ከጣሪያው ሥር ቀን ቀን እሳት ነው፣ ማጣበቂያውን ያቀልጠዋል። ወለሉ አካባቢ፣ ፀሐይ በማይመታው ግድግዳ በኩል፣ በካርቶን አኑራቸው። ፍሪጅም አይሆንም። ገላህን ያለ ፍርሃት ታጠብ። ከረጢቱ ውሃ ይችላል፤ ውሃም በስቶማው አይገባም። አንዲት አንባቢ ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ልጠመቅ ነው፣ ይሆናል ወይ ብላ ጠይቃኝ ነበር፤ ከረጢቱ በኩል ምንም የሚከለክል የለም። የአየር ማጣሪያ ያለው ከረጢት ከሆነ ብቻ፣ ማጣሪያዋ ከራሰች ሥራ ታቆማለች፤ አብሮ የሚመጣውን ተለጣፊ ለጥፉባት።

ለሠርጉ ስትወጣ ደግሞ አንድ ነገር አስተውል። የተዘጋ ባዶ ሃይላንድ ከጣርማ በር ወደ ሮቢት ይዘህ ወርደህ ታውቃለህ? ጭምድድ ይላል። ወደ ላይ ስትወጣ ተቃራኒው ነው። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ በከረጢትህ ውስጥ ያለው አየር ወደ ሩብ ያህል ይጨምራል። ሰገራ የለበትም ያልከው ከረጢት፣ አየር ከያዘ፣ ጣርማ በር ላይ ይነፋብሃል። ስለዚህ ደብረ ሲና መኪናው ሲቆም ወርደህ ድፋው፣ አየሩንም አስወጣው። ትንሿን ቦርሳ ጉልበትህ ላይ ያዝ። ፖርቶ መጋላ ላይ ከወጣች ፀሐዩ ይጨርሳታል፣ ሲያስፈልግህም አታገኛትም።

እህትህ ብቻ እንደምታውቅ ጽፈሃል። ሚስጥርህ ነው፣ ለማን እንደምትነግር የምትመርጠው አንተ ነህ። ግን አንድ ሰው ጨምር። ትምህርት ቤቱ ውስጥ የምታምነው አንድ መምህር ይኑር። ድንገት ስትወጣ ክፍልህን የሚይዝልህ፣ ለምን ብሎ የማይጠይቅህ። ያን ቀን አመመኝ ብለህ ስትወጣ ብቻህን ነበርክ፤ ደብዳቤህ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ይህ ነው። እሱም 20 ሊትር ጄሪካኑን ያነሳልሃል። አንተ ለጊዜው ከባድ አታንሳ፤ በስቶማው ጎን አንጀት ተገፍቶ ሊወጣ ይችላል።

ዙሪያው ቀልቶ የሚያሳክክህ፣ ነቁጥ ነቁጥ ያለ ሽፍታ ከወጣብህ፣ በሙቀት የሚመጣ ፈንገስ ሊሆን ይችላልና ጤና ጣቢያ አሳየው፤ በራስህ ቅባት አትጀምር። ስቶማው ሁልጊዜ ቀይና እርጥብ ነው። ወይን ጠጅ ቀለም ካመጣ ወይም ከጠቆረ፣ ወይም ሆድህ ተነፍቶ ምንም ሳይወጣ ከቀረ፣ ቀጠሮ አትጠብቅ። በዚያው ሰዓት ሂድ።

ጓደኛህን እሺ በለው። ደብረ ብርሃን ላይ በግንቦትም ሱፍ ይለበሳል፤ አየሩ ካንተ ጋር ነው። ጠዋት አዲስ ለጥፈህ ውጣ። ሙሽራዋን ልታመጡ ከመሄዳችሁ በፊት አንዴ፣ ከምሳ በኋላ አንዴ ድፋ። ሌሊቱን ስትጨፍር የሚያሳርፍህ ከሆነ ከካናቴራው በላይ ሰፊና ለስላሳ የጨርቅ መታጠቂያ አድርግበት፣ ሳታጠብቅ። ሱፍህን ልትለካ ልብስ ሰፊው ዘንድ ስትሄድ ግን ባዶ ከረጢት ይዘህ አትሂድ። አንድ ሦስተኛው እስኪሞላ ጠብቅና ሂድ። የሱሪውን ወገብ በዚያ ልክ ይቁረጥልህ።